የደጃፋችን ውሻ ጥርስ፦ ቅንጦት ወይስ ዕውቀት?

በገበያ ቀን ወደ መካነ ሰላም የከብት ተራ የወረደ ሰው አንድ ትዕይንት ሳያይ አይመለስም። በቅሎ ሊገዛ የመጣ ገበሬ እንስሳዪቱን ዙሪያዋን ዞሮ ከተመለከተ፣ ሸኮናዋንና ጀርባዋን ከመረመረ በኋላ በአንድ እጁ ልጓሟን ይዞ በሌላው ከንፈሯን ገለጥ ያደርጋል። የፊት ጥርሶቿን አንድ አፍታ ያያል፤ ከዚያም ዕድሜዋን ይናገራል። ሻጩ «ገና ልጅ ናት» አለም አላለም ገዢው የራሱ ማስረጃ አለው። የወተት ጥርስ መቼ እንደሚወልቅ፣ ቋሚው ጥርስ በምን ቅደም ተከተል እንደሚወጣ፣ የጥርሱ ገጽ ከዓመት ዓመት እየተፋቀ መልኩን እንዴት እንደሚለውጥ ከአባቱ ተምሯል። ይህ ሰው በመስክ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ያቺ በቅሎ ከተገዛች በኋላ አፏን ዳግመኛ የሚከፍት የለም። የሚከፈተው ምናልባት እንደገና ለገበያ ስትቀርብ ነው። ጥርሷ ዋጋዋን ለመወሰን ያገለግላል እንጂ ሕይወቷን ለመጠበቅ አያገለግልም። በደጃፋችን ያለው ውሻ ደግሞ ይህን ያህል እንኳ አልታደለም፤ ስለማይሸጥ አፉን የሚያይለት ፈጽሞ የለም። በዚህ ጽሑፍ ልንሞግት የምንፈልገው ይህንኑ ልማድ ነው። የቤት እንስሳትን ጥርስና ድድ በቤት ውስጥ መንከባከብ የሀብታም ቅንጦት ሳይሆን የዕውቀት ጉዳይ ነው የሚል አቋም አለን። ለዚህም አቋማችን ሳይንሳዊ ማስረጃ እናቀርባለን።

የሳቅንበት ዕቃ

አስቀድመን ግን አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። ዶክትሬታችንን በባሕር ማዶ በምንሠራበት ዘመን በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ለውሻ የተዘጋጀ የጥርስ ብሩሽና ሳሙና አይተን ከጓደኞቻችን ጋር ከልብ ስቀናል። «የእኛ አገር ውሻ አጥንት ካገኘ ይበቃዋል» ብለናል። ያን ቀን የሳቅነው ስለ እንስሳት ጥርስ የምናውቀው ነገር ስለነበረ አልነበረም፤ ምንም ስለማናውቅ ነበር።

ልጆች ሳለን በቤታችን አንዲት በቅሎ ነበረች። በአንድ በጋ እየከሳች ሄደች። ገለባ ይቀርብላታል፤ ለመብላትም ትሻማለች፤ ነገር ግን አኝካ አኝካ በምራቅ የራሰ ድቡልቡል ገለባ ከአፏ ትጥላለች። በግርግሟ ሥር እነዚያን ድቡልቡሎች በየማለዳው እንጠርግ ነበር። አንዱ ጎረቤት ዓይን በልቷት ነው አለ፤ ሌላው ላንቃዋ አብጦ ነው፣ በጋለ ብረት ይተኮስ አለ። ተተኮሰች። ከዚያ በኋላ ጭራሽ መብላት አቆመች፤ ክረምቱንም ሳታይ ሞተች። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጃችን ስለ ጋማ ከብት ጥርስ ሲያወጋን በመሐል እነዚያን ድቡልቡሎች አስታወስናቸው። «አኝኮ መጣል» የመንጋጋ ጥርስ ሕመም የታወቀ ምልክት ነው። ምልክቱን በየቀኑ በእጃችን እየጠረግን ስናወጣ ኖረን አላነበብነውም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ጸጸት ነው።

በአፍ ውስጥ ያለ ፊዚክስ

ውሻ በቡችላነቱ 28 የወተት ጥርሶች አሉት። እነዚህ ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እየወለቁ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድመት ደግሞ 26 የወተትና 30 ቋሚ ጥርሶች አሏት። እነዚህ ጥርሶች ከምግብ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በዓይን በማይታይ ስስ የባክቴሪያ ሽፋን መሸፈን ይጀምራሉ። ሳይንቲስቶች ይህን ሕያው ሽፋን ፕላክ ይሉታል።

ይህን ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ያየው ሐኪም አልነበረም፤ የሆላንድ የጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሉወንሁክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1683 ከጥርሱ መሐል የጫረውን ነጭ ቆሻሻ በራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ ተመልክቶ በውስጡ የሚንቀሳቀሱ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት ማየቱን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ኮምጣጤ ሲጨምርባቸው እንደሚሞቱ፣ በጥርስ ላይ ተጣብቀው ሳሉ ግን አፉን በኮምጣጤ ቢጉመጠመጥም ከሽፋኑ ውስጥ ያሉት እንደሚተርፉ አስተዋለ። ይህ ትንሽ ሙከራ የዛሬውን ጉዳያችንን ፍሬ ነገር ይዟል። ተሰባስቦ የተጣበቀ ባክቴሪያ ተበታትኖ ከሚንሳፈፍ ባክቴሪያ ይልቅ ለማጥፋት እጅግ ይከብዳል።

ታዲያ «ውሻው ውኃ ይጠጣ የለ፤ አፉን ያጥበዋል» የሚል ሰው ቢኖርስ? እዚህ ላይ ፊዚክስ መልስ አለው። ፈሳሽ በጠጣር አካል ላይ ሲፈስስ ከገጹ ጋር የተነካካው የመጨረሻው ስስ ንብርብር ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ከገጹ ጥቂት ራቅ ባልን ቁጥር ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል እ.ኤ.አ. በ1904 ያስረዳው ይህ የድንበር ንብርብር በወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ ውኃ ሌት ተቀን እየፈሰሰበት ለምን አረንጓዴ አልጌ እንደሚያበቅል እንድንረዳ ያግዘናል። ፕላክም እንዲሁ ነው፤ ከጥርሱ ጋር የተጣበቀው ክፍል ውኃው ከማይንቀሳቀስበት ሥፍራ ተቀምጧል። ስለዚህ የሚያስወግደው መጉመጥመጥ ሳይሆን ፍትጊያ ነው። አባቶቻችን ከወይራና ከክትክታ መፋቂያ ቆርጠው ጥርሳቸውን ሲፍቁ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቀመሩን ባይጽፉትም ሕጉን ሠርተውበታል።

ፕላኩ ሳይነካ ጥቂት ቀናት ከቆየ በምራቅ ውስጥ ያሉ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድናት ይረጉበትና ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። ይህ ታርታር ይባላል። ውኃ ዘወትር የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ በውስጡ ነጭ ቅርፊት እንደሚያበጅ አንባብያን ያውቃሉ። የማዕድኑ ዓይነት ቢለያይም አረጋጉ ተመሳሳይ ነው። የውሻ ምራቅ ከሰው ምራቅ ይልቅ ወደ አልካላይን ያደላ በመሆኑ ውሻ እንደ ሰው ጥርሱ በቀላሉ አይቦረቦርም፤ በአንጻሩ ግን ታርታር በፍጥነት ይይዛል። በተለይ የምራቅ ቱቦ በሚከፈትበት አካባቢ ያሉት የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች በውጭ በኩል ቶሎ ይወረራሉ። ፕላክ ለስላሳ ሳለ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ግን በቤት ውስጥ የሚሆን ነገር አይደለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ጉዳቱ ጥርስን በማቆሸሽ አያበቃም። ባክቴሪያው ወደ ድድ ሥር ሲወርድ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ቀጥሎም ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ጥርሱ ይነቃነቃል። ብዙ ውሾች ሦስት ዓመት ሲሞላቸው የዚህ በሽታ ምልክት ይታይባቸዋል። የድድ በሽታ በጸናባቸው ውሾች ላይ በልብ፣ በኩላሊትና በጉበት ላይ ለውጦች መታየታቸውን የሚያመለክቱ ጥናቶችም አሉ። ተማሪዎቻችን ግን አንድ ነገር እንዲይዙ እንፈልጋለን፤ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም። የድዱ ሕመም ራሱ ግን ማረጋገጫ አያሻውም። እንስሳው ሕመሙን በቃል አይነግረንም፤ ዝም ብሎ በአንድ ወገን ያኝካል።

አጥንት፦ ስጦታ ወይስ ጉዳት?

በአገራችን ውሻ ከበዓል የሚደርሰው ድርሻ አጥንት ነው። አጥንት ጥርሱን ያጸዳለታል ብለው የሚያምኑም ብዙዎች ናቸው። በእርግጥ ማኘክ በራሱ የተወሰነ ፍትጊያ ስላለው ጥቂት ፕላክ ይጠርጋል። ሆኖም ሒሳቡን ሠርተን እንየው።

መንጋጋ ዘንግ ነው። መደገፊያው ከጆሮ ፊት ያለው መጋጠሚያ ሲሆን ኃይል የሚሰጠው ጡንቻ በመጋጠሚያውና በጥርሶቹ መካከል ይገኛል። በዘንግ ሕግ መሠረት ጥርሱ ለመጋጠሚያው በቀረበ ቁጥር የሚያሳርፈው ኃይል ይበልጣል። ለምሳሌ ክራንቻው ከመጋጠሚያው 12 ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ የመንጋጋ ጥርስ ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጡንቻው እኩል ሲስብ በመንጋጋው ላይ የሚያርፈው ኃይል በክራንቻው ላይ ከሚያርፈው እጥፍ ይሆናል። ውሻ ጠንካራ አጥንት ሲያገኝ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በጎን ጥርሱ የሚይዘው ይህንኑ ሕግ በደመ ነፍስ ስለሚያውቅ ነው።

ነገር ግን ኒውተን እንዳስተማረን ጥርሱ አጥንቱን በገፋው መጠን አጥንቱም ጥርሱን ይገፋል። 500 ኒውተን ኃይል 1 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የጥርስ ጫፍ ላይ ቢያርፍ ግፊቱ 500 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን የሆነው ኢናሜል ጠንካራ ነው፤ ግን ተሰባሪ ነው። ደረቅ የቅልጥም አጥንት ሲቆረጠም ትልቁ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ በቁመቱ መሰንጠቁ በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ገጠመኝ ነው። ከስንጥቁ ባክቴሪያ ገብቶ ሥሩ ሲመግል ከዓይን በታች ያለው ፊት ያብጣል። ባለቤቱም ዓይኑን ተመቷል ብሎ ያስባል። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ስለሚደርቅ እንደ ስንጥር ተሰንጥቆ ድድን፣ ጉሮሮንና አንጀትን ሊወጋ ይችላል። የዶሮ አጥንት በተለይ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከፋሲካ ገበታ የተረፈውን የቅልጥምና የዶሮ አጥንት ሁሉ ለውሻ መወርወር ቸርነት ቢመስልም ሁልጊዜ ቸርነት አይደለም።

ከመክፈት በፊት መከተብ

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እንሻገር። ስለ ውሻ አፍ የሚጽፍ ሰው በአገራችን ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሳይናገር ቢያልፍ አንባቢውን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣል።

የበሽታው ቫይረስ በምራቅ ውስጥ ይኖራል፤ ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞም በምራቅ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በሽታው ሁልጊዜ በቁጣና በመናከስ አይገለጥም። አንዳንዱ ውሻ ዝም ይላል፤ የታችኛው መንጋጋው ይወርዳል፤ መዋጥ ተስኖት ምራቁን ያዝረበርባል። ይህን ያየ ደግ ባለቤት «አጥንት ተሰንቅሮበታል፤ ጥርሱን አሞታል» ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰድዳል። ይህ ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል። ቫይረሱ የሚገባው በንክሻ ብቻ አይደለም፤ በጣት ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ምራቅ ከነካው ይበቃል። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 የዘጠኝ ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት ማከም ከጀመረ ከ140 ዓመታት በላይ አልፈዋል። መድኃኒቱ ከታወቀ ዘመናት ካለፉ በኋላም ሕፃናት በዚህ በሽታ መሞታቸው የሳይንስ ድክመት ሳይሆን ዕውቀትና ክትባት ደጃፍ ድረስ ያለመድረሳቸው ውጤት ነው። ስለዚህ ደንባችን ይህ ይሁን፦ ያልተከተበ ውሻ አፍ አይነካም። ቡችላ ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፤ ድጋሚውንም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ያገኛል። ምራቁን የሚያዝረበርብ፣ ጠባዩ የተለወጠ ወይም ባለቤት የሌለው ውሻ ቢሆን አፉን አንከፍትም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እናስታውቃለን። የተነከሰ ወይም በቁስሉ ላይ የተላሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ይህ ጉዳይ ከግቢያችን አጥር አልፎም ይሄዳል። ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ በደንቆሮ ደንና በዙሪያው በተከለለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ አጥንት ለመስበር ሳይሆን አይጥ ለመልቀም የተሠሩ ትንንሽና የተራራቁ ጥርሶች ያሉት፣ ሾጣጣ አፍ ያለው አዳኝ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991–92፣ በ2003 እና በ2008 ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በእረኛ እጅ የሚኖር አንድ ያልተከተበ ውሻ በወሎ ደጋም ተመሳሳይ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል።

በቤት ውስጥ የሚደረገው

የተከተበና ከቤተሰቡ ጋር የተላመደ ውሻ ላለው ሰው ሥራው ከባድ አይደለም። በቡችላነት ቢጀመር ይመረጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ከንፈሩን ገለጥ እያደረጉ መንካትና ማሞገስ ብቻ ይበቃል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው ሁሉ በተሸለመበትም ይታዘዛል። በሁለተኛው ሳምንት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም ፋሻ በጣት ላይ ጠቅልሎ፣ በንጹሕ ውኃ አርሶ የክራንቻዎቹን የውጭ ገጽ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ወደ መንጋጋ ጥርሶች መዝለቅ ይቻላል። ውሻው ከለመደ ለስላሳ የሕፃናት ብሩሽ ለእርሱ ብቻ ተለይቶ ይያዝለት። ብሩሹ ወደ ድዱ በ45 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ይሂድ፤ በሽታው የሚጀምረው ከዚያ መስመር ነውና። የውስጡን ገጽ ምላስ ስለሚጠርገው አፉን በግድ ማስከፈት አያስፈልግም። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ታርታር በጥቂት ቀናት እንደሚረጋ ከላይ ስለተናገርን በየቀኑ ማድረግ ለምን እንደሚመረጥ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

የማይደረገውንም እንናገር። የሰው የጥርስ ሳሙና ለውሻ አይሰጥም፤ ውሻ ተፍቶ ስለማይጥለው ፍሎራይዱን ይውጠዋል። በአንዳንዱ ሳሙና ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። አሸዋና አመድ ኢናሜሉን ይቧጭራሉ። የእንጨት መፋቂያ ተሰንጥሮ ድድ ይወጋል። በቢላ ወይም በምስማር ታርታር መፋቅ ከላይ ያለውን ቢያነሣም ገጹን አሻክሮ ለአዲስ ፕላክ መያዣ ያበጃል፤ በድድ ሥር ያለውን ደግሞ አይነካውም። ያ የሐኪም ሥራ ነው። ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። በእምነቱ ወይም በልማዱ የውሻ ምራቅ መንካት የማይፈልግ ቤተሰብ ጓንት ይጠቀም፤ ያም ካልተመቸ አመጋገቡን ቢያስተካክልና ቢያስከትበው ትልቅ ነገር አድርጎለታል።

በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ማየት ልማድ ይሁን። የከፋ የአፍ ጠረን፣ የቀላ ወይም የሚደማ ድድ፣ የሚነቃነቅ ወይም የተሰበረ ጥርስ፣ በአንድ ወገን ማኘክ፣ ከዓይን በታች የሚታይ እብጠት፤ እነዚህ ሁሉ ወደ ባለሙያ የሚያስኬዱ ናቸው። የድመትም ምልክት ከዚህ ብዙ አይለይም።

የጋማ ከብቶችስ?

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከሕንድ ካመጣቸው 44 ዝሆኖች ይልቅ የተመካው በሺዎች በሚቆጠሩ በቅሎዎችና ሌሎች የጭነት እንስሳት ላይ ነበር። እኛም መኪና በማይደርስባቸው ገደላገደሎች ዛሬም በእነርሱ ላይ ተመክተናል። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎች መካከል ናት። የእነዚህ እንስሳት ጥርስ ግን ከውሻ ጥርስ ፈጽሞ የተለየ ሥርዓት አለው።

የፈረስ ጥርስ ብዛት ከ36 እስከ 44 ይደርሳል። ጥርሱ ረጅም ሆኖ አብዛኛው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የተቀበረ ነው፤ በማኘክ የተፋቀውን ለመተካት በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ፍቀቱን የሚያመጣው ምንድን ነው? ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባቀረበው የጥንካሬ መለኪያ ኢናሜል 5 ገደማ ላይ ይቆማል። በደጋችን የሚበዛው የባዛልት ድንጋይ የተሠራባቸው ፌልድስፓርና ፓይሮክሲን ከ5 እስከ 6.5 ይደርሳሉ። በአፈር አውድማ ላይ የተወቃ የጤፍ ጭድ የዚህን ድንጋይ ብናኝ ይዞ ወደ አፍ ሲገባ የአሸዋ ወረቀት ሥራ ይሠራል። ሣሩ ራሱም በውስጡ የሲሊካ ቅንጣቶች አሉት።

ችግሩ ፍቀቱ እኩል አለመሆኑ ነው። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋል። ስለዚህ የላይኛው ጥርስ ውጫዊ ጠርዝና የታችኛው ውስጣዊ ጠርዝ ሳይፋቁ ቀርተው እንደ ምላጭ ይሾላሉ። የላይኛው ጉንጭን፣ የታችኛው ምላስን ይቆርጣል። የእኛዪቱ በቅሎ ገለባውን የምትጥለው ለዚህ ኖሯል። መድኃኒቱ የሠለጠነ ባለሙያ በሞረድ ጠርዙን ማስተካከሉ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ አይሞክረው። የባለቤቱ ድርሻ ምልክቱን ማንበብ ነው፦ አኝኮ መጣል፣ ቀስ ብሎ መብላት፣ ልጓም መጥላት፣ በፋንድያ ውስጥ ያልተፈጨ እህል መብዛት። ጭዱን አራግፎ ማቅረብም ምንም ወጪ የለውም። ላንቃ መተኮስና መብጣት ግን ይቅር። ለሕፃናት እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማውጣት ጎጂ መሆናቸውን ተቀብለን ስናበቃ ተመሳሳዩን በእንስሳት ላይ የምንቀጥልበት ምክንያት የለም።

ለሚነሣው ተቃውሞ

«የጥርስ ሐኪም አይቶ የማያውቅ ሕፃን ባለበት አገር ስለ ውሻ ድድ ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም በወጣትነታችን በሳቅ መልክ አቅርበነዋል። መልሳችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ የጠየቅነው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ቁራጭ ጨርቅና ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለተኛ፣ የውሻ ክትባት የሕፃኑ ጥበቃ፣ የበቅሎዪቱ ጥርስ ደግሞ የቤተሰቡ ጓዳ ነው፤ እንስሳውና ሰው አይነጣጠሉም። ሦስተኛ፣ የራሱን ውሻ ድድ ማየት የለመደ ልጅ ስለ ገዛ ድዱ መጠየቁ አይቀርም። ዕውቀት ከሰው ተቀንሶ ለእንስሳ የሚሰጥ ራሽን አይደለም፤ ሲካፈሉት ይበዛል።

ሆኖም አንድ እውነት መሸሸግ አንፈልግም። በቤት የሚደረገው ሁሉ ቢደረግም በገጠር ከተሞቻችን የእንስሳትን ጥርስ የሚያክም ባለሙያና መሣሪያ ማግኘት ከባድ ነው። እዚህ ላይ የዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ አለ። የእብድ ውሻ ክትባት በሚሰጥበት ቀን የጋማ ከብቶች ጥርስ ምርመራ አብሮ ቢሰጥ ተጨማሪው ወጪ ጥቂት ነው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን የጥርስ ሞረድ በአገር ውስጥ ብረት የምሕንድስና ተማሪዎቻችን ሠርተው በሐኪሞች ቢያስፈትኑት ግሩም የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት ደግሞ በገበያ ቀን ከገበሬዎቹ አጠገብ ቆመው ጥርስን በማየት ዕድሜ የመገመትን ጥበብ ይመዝግቡ፤ ከመጻሕፍቱ ጋር ያስተያዩ፤ በዚያውም የሾለ ጠርዝ ምልክቶችን ለገበሬዎቹ ያስተምሩ። አስተማሪና ተማሪ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ያ በገበያው መሐል የበቅሎ ከንፈር የሚገልጥ ገበሬ ግማሹን መንገድ ተጉዟል፤ ጥርስን ማንበብ ያውቃል። የቀረው ከተገዛች በኋላም አንዳንድ ቀን ማንበቡ ብቻ ነው። እናንተም ውድ ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የውሻችሁን አፍ ለመክፈት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ አባታችሁን ወይም እናታችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ውሻችን ተከትቧል?» ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።